ስላንቺ ማንን ልጠይቅ?

ብድሩ ተፈቅዶልኛል፤ ስለዚህ ላማርር አይገባኝም። ግን አማርራለሁ። ለሱቄ ፍሪጅ መግዣ ብዬ ባንክ ብሄድ፣ አንዲት ልጅ እግር ሠራተኛ ስልኬ ላይ የሆነ ነገር ከፍታ «ጋሼ፣ እዚች ጋ እስማማለሁ የሚለውን ይንኩልኝ» አለችኝ።

«በምኑ ነው የምስማማው?»

«የብድር ታሪክዎን እንድናይ ነው። በቃ፣ ሲስተሙ ራሱ ይጠይቃል።»

«ማንን?»

«ማለቴ... ሲስተሙን።»

ነካሁት፤ ምን አማራጭ አለኝ? ብዙም ሳይቆይ «እንኳን ደስ አለዎት» አለችኝ። ማን ስለ እኔ ምን ደግ ነገር እንደተናገረ ግን እስካሁን አላውቅም። ማንን ላመስግን?

ከባንኩ ወጥቼ በካዛንቺስ በኩል አለፍኩ። የእኛ ግቢ የነበረበት ዛሬ ሰፊ መንገድ ነው። የሀጂ ሱቅም የለም። ናፈቁኝ፣ ምን ልበል።

ሀጂ ከወሎ የመጡ የሰፈራችን ባለሱቅ ነበሩ። አባቴ ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ደመወዙ ተቋረጠ፤ ቤት ውስጥ የሚበላ ጠፋ። እናቴ ደግሞ በሕይወቷ ዱቤ ጠይቃ አታውቅም። እኔን አስከትላ ሄደችና ሱቁ በር ላይ ቆማ ቀረች። ሀጂ ገባቸው። ገበያተኛው እስኪወጣ ስለ ዝናቡ ሲያወሯት ቆዩ፤ ሰው ባለበት የዱቤ ነገር አያነሱም ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እህቴ፣ ስላንቺ ማንን ልጠይቅ? አንቺ ያልፈቀድሽውን ሰው አልጠይቅም» አሏት።

እናቴ የመረጠችው ማንን ቢሆን ጥሩ ነው? የግቢያችንን ጎረቤት። ሁለቱ በቧንቧ ተራ ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ከርመዋል።

«ከእሷ ጋር ኩርፊያ አይደላችሁም እንዴ?» አሉ ሀጂ።

«ለዚያ እኮ ነው። ወዳጄማ መቼ ክፉዬን ታወራለች?»

አበቃልን አልኩ። ያቺ ሴትዮ አትስጧት ካለች ዱቤውም ቀረ፣ ገመናችንም ጠላት ጆሮ ገባ። በማግስቱ ሀጂ እናቴን ጠርተው የተባለውን ሳያስቀሩ ነገሯት፤ ስለ ሰው የተነገረ ነገር የባለቤቱ ነው ይሉ ነበር። ጎረቤታችን «ምላሷ እሬት ነው። የሰው ገንዘብ ግን እጇ ላይ አያድርም» ብላለች። ዱቄቱንም ዘይቱንም ተሸክመን ተመለስን።

እናቴ ዕቃውን አስቀምጣ ቀጥታ ወደ ሴትዮዋ በር ሄደች። ሴትዮዋ ልብስ እያጠበች ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት እናቴ።

ሴትዮዋ ቀናም አላለች። «የመሰከርኩት ስለ ዱቤው ነው። የታረቅን እንዳይመስልሽ።»

እናቴ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አባቴ ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ስትስቅ ሳያት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።