የአራተኛው መጽሐፍ የመጨረሻ ቃል

እህቴ ኦፕራሲዮን ልትገባ ስትል ለእኔ የተወችልኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር። «እዚህ መጥተሽ ሰው እንዳታሳብጂ። ሱቅሽ ቁጭ በይና አራተኛውን እንደገና አንብቢ» አለችኝ።

ቁጭ በይ ማለቱ ቀላል ነው! ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ስል፣ ስልኬን ሳይ፣ መልሼ ስደፋው፣ ደግሞ ሳነሳው፣ እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ሥራዬ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ነው። እጄ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራው ሥራ ነው። የዚያን ቀን ግን የአንዷን ተመራቂ ጽሑፍ ገልብጬ ጠረዝኩላት። ሽፋኑ ቀጥ ብሎ ውስጡ ተዘቅዝቋል። ገለጠችና አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። «እትዬ፣ መምህሬ በጭንቅላቱ ቆሞ ነው የሚያርመው?» አለችኝ። ይቅርታ ብዬ እንደገና ፈታሁት።

እህቴ ታላቄ ናት። እታለም ነው የምላት። በአውቶቡስ መነኸሪያው በድምፅ ማጉያ የምትናገረው እሷ ናት። «በር ቁጥር ዘጠኝ የምትሳፈሩ መንገደኞች፣ ሻንጣችሁን አትርሱ!» ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከተማው በእሷ ድምፅ ሲሄድ፣ በእሷ ድምፅ ሲመጣ ኖሯል። ፊቷን ግን የሚያውቅ የለም። ገበያ ወጥታ የቲማቲም ዋጋ ስትጠይቅ ሻጩ ድንገት ቀና ይልና «ቆይ፣ አንቺ መነኸሪያዋ አይደለሽም እንዴ?» ይላታል። እሷም «አዎ፣ አምልጦሃል፣ አውቶቡሱ ሄዷል!» ትለዋለች። ይስቃሉ። እሷ ባለችበት ዝም የሚባል ነገር የለም።

አምና አንገቷ ላይ እጢ ወጣ። ሐኪሙ ቆፍጣና ነው፣ አልደባበቀንም። «ለሕይወቷ አያሰጋም። ግን የድምፅ ነርቩ እጢው ላይ ተለጥፏል። ስናወጣው ድምፅዋም አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ላይሄድም ይችላል» አለን። እታለም ሳቀች። «ታዲያ ለአውቶቡሶቹ እጄን ላውለብልብላቸው?» አለች። ቤት ስንደርስ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቆልፋ አለቀሰች። በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት። ላንኳኳ እጄን አንስቼ መልሼ አወረድኩት።

እንግዲህ መጽሐፎቹን ልንገራችሁ። አራት ቅጽ ናቸው። እኔ አሥራ ሦስት፣ እሷ አሥራ ሰባት ዓመታችን ሳለ ቤት የለቀቁ ጎረቤቶች ካርቶን ሙሉ ጥለውልን ሄዱ፤ ከዚያ ውስጥ ነው ያገኘናቸው። ታሪኩን የምትነግረን አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ታላቅ እህቷን የጥላ ሰዎች በመስተዋት ውስጥ ጎትተው ይወስዱባታል። ልጅቷ አራት ቅጽ ሙሉ ስትፈልጋት፣ ጥላ የሌለው አንድ መልከ መልካም ልጅ ይከተላታል። እታለም ጮክ ብላ ታነብልኛለች። የጥላዎቹን አለቃ በአፍንጫዋ፣ ጥላ የሌለውን ልጅ ደግሞ እንዲህ ለስለስ አድርጋ፣ እኔ አንሶላ ውስጥ እስክደበቅ ድረስ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሳላነባቸው ቀርቼ አላውቅም። ሰው ይስቅብኛል። አርባ ያለፋት ሴትዮ የልጆች የጥላ ታሪክ! ይሳቁ። መጽሐፉ ያው ነው፣ የምቀያየረው እኔ ነኝ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ያንን ጥላ ቢስ ለማግባት ቆርጬ ነበር። በሃያ አምስቴ እናቱ አሳዘነችኝ። ዘንድሮ ግን ባገኘው በጥፊ ባልኩት! ልጅቷ እህቷ ጠፍታባት ትንከራተታለች፣ እሱ መስኮት ላይ ቆሞ «ዓይኖችሽ ሲያምሩ» ይላታል። ሥራ የለህም አንተ? ሂድና መሰላል እንኳ ያዝላት!

እኔና እታለም የተጣላነው በእሱ አይደለም። በመጨረሻው መስመር ነው። አራተኛው መጽሐፍ እንዲህ ብሎ ያቆማል፦ «መስተዋቱ ተሰበረ። ከስብርባሪው ማዶ እህቴ አለች»። ከኋላው ሁለት ነጥብ አለ። ከዚያ ሽፋኑ ነው። እኔ «ለ»ን አጥብቄ ነው የማነበው። አለች፤ በሕይወት አለች፣ ተገኘች፣ በቃ። ሁለቱ ነጥቦች የአራት ነጥብ ግማሽ ናቸው፣ ግማሹ ተፍቋል። እታለም ደግሞ አላልታ ታነበዋለች። አለች፤ ተናገረች። ሁለት ነጥብ የተደረገው ንግግሯ ሊከተል ነው፤ ስለዚህ ገጽ ጎድሏል ትላለች። ፊደላችን እንደሆነ ጠበቀ ላላ አይልም፣ ዝም ብሎ ያየናል። ጠራዥ ሆኜ እንኳ ሦስት ጊዜ ክሩን ፈትቼ መረመርኩት። የመጨረሻዎቹ ገጾች ስፌት እኛ እጅ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ በማስቲሽ ተጨማልቋል፤ ገጽ ይጉደልበት አይጉደልበት አይታወቅም።

እሷ ግን በጎደለው ገጽ አትቸገርም። ስታነብልኝ እዚያ መስመር ላይ ደርሳ ትንፋሿን ትውጥና ከራሷ ትቀጥላለች። አንድ ቀን እህትየው «ምነው ቆየሽ?» ትላለች። ሌላ ቀን «ፀጉርሽን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» ትላለች። እኔ እበሽቃለሁ። «የሌለ አታንብቢ! ተገኘች፣ አለች፣ ምን ይጨመራል?» ብዬ መጽሐፉን እጇ ላይ እዘጋዋለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ «ከዚያስ ምን አለች?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። አራተኛውን ከፈትኩት። አንድ ገጽ አምስት ጊዜ አነበብኩ፤ መስተዋት ይሁን መስኮት አልገባኝም። በየመስመሩ መሀል የእታለም ድምፅ ይገባብኛል። ብታጣውስ? ጥላ የሌለውን ልጅ ማን ያናግርልኛል? ማንስ ይሳደብልኛል? መጽሐፉን ዘጋሁ። ወለል ጠረግሁ። የተጠረገውን ደግሜ ጠረግሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ ከባሏ ነው። ይሄ ሰውዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ አራት ነጥብ ነው የሚለው፣ አንድ ቃል ይልና ወሬው እዚያው ያልቃል። በሠርጉ ቀን ንግግር አድርግ ቢሉት ተነስቶ «በሉ» ብሎ ተቀምጧል። ዝም አይነቅዝም የሚሉት የእሱ ሃይማኖት ነው። የላከው እንዲህ ይላል፦ «ወጣች እህትሽ አለች»።

እፎይ አልኩ። ተቀመጥኩ። ወዲያው ደግሞ ተነሳሁ። አለች? አለች ብቻ? የታመመ ሰው እንዴት ነው ሲባል ደህና ከሆነ «ደህና ነው» ይባላል። «አለ» የሚባለው ሌላ የሚባል ነገር ሲጠፋ ነው። በሕይወት መኖሯንማ ሐኪሙ ከመጀመሪያውም ነግሮናል! ድምፅዋስ? ደወልኩ። ዝግ ነው። ደገምኩ። ዝግ ነው። ወይ አንተ ሰውዬ፣ ምናለ አንድ ቃል ብትጨምር! ለራሴም ታወቀኝ። «አለች፣ ምን ይጨመራል?» ስል የኖርኩት እኔው ነኝ። አሁን የእኔው ንባብ አነሰኝ።

የሱቁን በር ቆለፍኩ። መጽሐፉ እጄ ላይ መቅረቱን ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው። የያዝኳት ታክሲ መነኸሪያው ጋ ስትደርስ መንገዱ ተዘጋጋና ቆመች። ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ ግን ድምፁ የእታለም አይደለም፣ የሌላ ሴት ነው። «በር ቁጥር… ይቅርታ… በር ቁጥር አራት» ትላለች። ጥፋት የለባትም፣ ምስኪን። እኔ ግን ጆሮዬን ይዤ ከታክሲዋ ወረድኩና የቀረውን በእግሬ ሮጥኩት።

የሆስፒታሉ ጥበቃ «እህቴ፣ የመጠየቂያ ሰዓት አልደረሰም» አለኝ። «እህቴ እኮ ናት!» አልኩና አለፍኩት። ከኋላዬ ምን እንዳለ አልሰማሁም።

አራት ነጥብ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። የሞተ ስልኩን በሁለት እጁ ይዟል።

«እንዴት ናት?»

«ጻፍኩልሽ እኮ።»

«ምን ብለህ ጻፍክልኝ? አለች ብቻ ተብሎ ይጻፋል? አንጀቴን እኮ ነው የቆረጥከው!»

«አለች ነዋ» አለኝ። ሲናገረው ሰማሁት። «ለ»ን አልረገጣትም። በጣም ላላ አድርጎ ነው ያወጣት። ግድግዳውን ያዝኩ።

«ምን?»

«ሐኪሙ ስትነቃ እስቲ በይ አላት። አለች።» ዕንባው ወረደ። እሱ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ተናገረች አይባልም? ተናገረች!»

«አለች ያጥራል» አለኝና ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። መታሁት። ከዚያ አቀፍኩት። ከዚያ ደግሞ መታሁት።

ነርሷ «አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ብዙ እንዳታናግሯት» ብላ አስገባችኝ። እታለም አንገቷ በፋሻ ተጠምጥሞ ተጋድማለች። ፊቷ ገርጥቷል፣ ዓይኗ በግማሽ ተከፍቷል። እጄ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየችው። በጣቷ ወደ ራሷ ጠቆመች። አጠገቧ ተቀመጥኩና መጨረሻውን ገጽ ገልጬ ዓይኗ ሥር ያዝኩላት። ማንበብ አላስፈለጋትም፣ በቃሏ ነው የምታውቀው።

«ከስብርባሪው ማዶ…» አለች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ገና ከሩቅ ነው የሚመጣው። ግን የእሷ ነው። «…እህቴ አለች።» አላልታ ነው ያነበበችው፣ እንደ ድሮዋ። ትንፋሿን ዋጠች። ጠበቀችኝ። መጽሐፉን እንደምዘጋባት ታውቃለች።

አልዘጋሁትም። ዕንባዬ ገጹ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ አልዘጋሁትም።

«ከዚያስ ምን አለች?» አልኳት።

አሰበች። ከንፈሯን በምላሷ አራሰች።

«ውሃ» አለች።