ቅዳሴ ያስታጎለ ውሃ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ፥ ነፍሷን ይማርና፥ ሳትሰማው ሄደች። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም፤ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር እሱን እየዘለልሁ ኖርሁ። እኔ ራሴ ቄስ ነኝ። የስንቱን ሰው ኃጢአት ሰምቼ «ሌላስ፥ የቀረ የለም?» እያልሁ አፋጥጫለሁ። የኔን የቀረ ማን ይጠይቀኝ? እንግዲህ አንባቢዬ፥ አንተ ቁጭ በልና ስማኝ። እንዳታዝንልኝ ብዬ አስቀድሜ እነግርሃለሁ። ሳላውቅ ያደረግሁት አይደለም።

ዘመኑ የጣልያን ነው። ጣልያን ደብረ ታቦር ላይ ሰፍሯል፤ እኛ ከአንበሳሜ በላይ ባለው ደጋ እንኖራለን። በመካከላችን አንድ ወንዝ ይወርዳል። ከወንዙ ወዲህ እኛ ተዋሕዶዎች ነን፤ ከወንዙ ማዶ አባቶቻቸው ከዓባይ ወዲያ የመጡ ቅባቶች ናቸው። ጾማችን አንድ፥ በዓላችን አንድ፥ የምንቀድስበት መጽሐፍም አንድ ነው። ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ የሚለውን ስንተረጉም ግን እንለያያለን። በዚህችው አያቶቻችን ተወጋግዘው እኛም እንደተወጋገዝን ቀረን። እህል እንገበያያለን፥ በሬ እንዋዋሳለን፤ አንዳችን ከሌላው ቤተ ክርስቲያን ግን አንቆርብም።

ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑክ አይቀደስም። ሁለት ቄስ፥ ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። ጣልያን በገባ በሁለተኛው ክረምት ካህናቱ ግማሾቹ ከአርበኞች ጋር ዱር ገብተው፥ ግማሾቹ ሞተው አልቀዋል። በኛ ደብር መምሬ አድማሱ ከሁለት ዲያቆናት ጋር ቀሩ፤ አንዱ ዲያቆን እኔ ነኝ። የማዶዎቹን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጣልያን «ሽፍታ ታስጠጋላችሁ» ብሎ አቃጠለባቸው። የተረፏቸው መምሬ ጥሩነህ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስና አንድ ዲያቆን ብቻ ነበሩ። እኛ ሦስት፥ እነሱ ሁለት። ወዲህም ወዲያም ቅዳሴ ታጎለ፤ ሕፃናቱ ክርስትና ሳይነሡ እግር አወጡ።

ሐምሌ ላይ መምሬ አድማሱ ጥላ አስይዘውኝ ወደ ወንዙ ወረዱ። ወንዙ ሞልቷል። መምሬ ጥሩነህን ከማዶ አስጠሯቸውና ሁለቱ ሽማግሎች፥ ዕድሜ ልካቸውን ሰላምታ ያልተለዋወጡት፥ በጎርፉ ላይ ይጯጯሁ ጀመር።

«መምሬ ጥሩነህ! ጣልያን እንኳ ቀዳሹን አስከትሎ ዘምቷል። እርስዎ እዚያ ሁለት፥ እኔ እዚህ ሦስት ሆነን ምን እንጠብቃለን?»

«ትርጓሜውንስ ምን እናድርገው?»

«ትርጓሜውን ጠላት ሲወጣልን እንጣላበታለን! መጽሐፉ ያለውን ብቻ እንቀድስ!»

መምሬ ጥሩነህ ሳቁ፤ ሳቃቸው በሳል ተቋረጠ። ደረታቸው ታሟል። «እንግዲያስ እመጣለሁ! ሳልቆርብ እንዳልሞት ነው የኔስ ፍራቻ!» አሉ።

እኔ ያን ጊዜ ከቅኔ ቤት የተመለስሁ ጎረምሳ ነኝ። ከእኔ በላይ ነፋስ የምል ነበርሁ። የቅባትን ክርክር የማፈርስበትን ጥቅስ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ተከራካሪ ግን አጥቼ ከአፌ እንደያዝሁት ተቀምጫለሁ። ሽማግሎቹ ተራውን ሲደለድሉ መምሬ ጥሩነህ በዕድሜ ስለሚበልጡ ዋናው ቀዳሽ እንዲሆኑ፥ ዲያቆናቸውም እንዲመራ ተስማሙ። ያ ዲያቆን ከእርፍ ላይ ተጠርቶ የመጣ ገበሬ ነው፤ ግእዙን እየተደናቀፈ ነው የሚያነበው። እኔ ደግሞ ከእሱ በታች ሆኜ ልቀድስ! በልቤ «ሃይማኖቴን አላረክስም» አልሁ። ሃይማኖት አልሁት እንጂ ቅናት ነበር።

ቀኑ በፍልሰታ ጾም ሆነ። በፍልሰታ ቅዳሴው ቀትር አልፎ ነው የሚገባው፤ ቀዳሽ እስከዚያ ድረስ ጠብታ ውሃ እንኳ ከአፉ አይገባም። ከገባ ገደፈ፤ በዚያ ቀን አይቀድስም። ጧት ለቅዳሴው የሚሆነውን ውሃ እንድቀዳ ወደ ምንጩ ተላክሁ። ምንጩ ከወንዙ በላይ ነው፤ ሁሉም ከዚያ ይታያል። የማዶ ሰዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ ጠፍር ወጥረው፥ እሱን እየጨበጡ ይሻገራሉ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ከአንገታቸው ሥር አጥብቀው አዝለዋል። መምሬ ጥሩነህን አንድ ጠና ያለ ሰው ትከሻው ላይ አውጥቷቸው፥ ጎርፉ ወገቡን እያላጋው መጣ። ሽማግሌው መስቀላቸውን ወደ ላይ ይዘዋል፤ እንዳይርስባቸው መሆኑ ነው።

እኔ ይህን እያየሁ ጎንበስ አልሁ። በእጄ ዘግኜ ጠጣሁ። ደግሜ ዘግኜ ጠጣሁ። ማድጋዬን ሞልቼ አነሣሁና ወደ ደብሩ ወጣሁ።

«አባቴ፥ ገደፍሁ» አልኋቸው መምሬ አድማሱን። «አፌን ስጉመጠመጥ ሳላስበው ውሃ ወረደኝ።»

እሳቸውም ደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ሌላ ዲያቆን በዚያ ክረምት፥ በዚያ ጭቃ፥ ከወዴት ይመጣል? አራት ልዑክ ቀረ፤ አራት ደግሞ ከአንድ አይሻልም። ሕዝቡ ከሁለቱም ወገን ተደባልቆ ቆሟል፤ ማን የማን ወገን እንደሆነ በነጠላው አይለይም። መምሬ አድማሱ ወጥተው ነገሩት። የሚቆጣ ይኖራል ብዬ ነበር፤ የተቆጣ አልነበረም። አንዲት የማዶ ሴት ያልተጠመቀች ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ፥ ጡት ሰጥታ፥ መልሳ አዘለቻት። ከዚያ ሁሉም ወደ ወንዙ መውረድ ጀመሩ።

መምሬ ጥሩነህ ግን ሳይሄዱ አስጠሩኝ። ፊቴን ደብቄ ቀረብሁ። እሳቸው ያፈርሁ መሰላቸው።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ፤ «በኔም ደርሶብኛል። ውሃ ማንንም ያዘናጋል። እግዚአብሔር ይፍታህ።» መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ተሳለምሁ። ያን መስቀል የተሳለመው አፌ ከጠጣሁት ውሃ ገና አልደረቀም ነበር።

ሰዉን በነጋታው በዚያ ጎርፍ መልሶ ማሻገር አይሆንምና፥ በሳምንቱ ሊሞክሩት ቀን ቆርጠው ነበር። በሳምንቱ ወንዙ የሚሻገሩት አልሆነም፤ ከዚያ ጣልያን አሰሳ ወጣ፥ ያ ገበሬ ዲያቆን ዱር ገባ። መስቀል ሳይደርስ መምሬ ጥሩነህ ሞቱ። ሳይቆርቡ ሞቱ። የፈሯት አንድ ነገር ያች ነበረች፤ ያችኑ ሰጠኋቸው።

ጣልያን ሲወጣ ካህናቱ ከየዱሩ ተመለሱ። ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። እኛም አምስት፥ እነሱም አምስት ሞላን፤ ማን ማንን ይፈልጋል? ችግር አገናኝቶን ነበር፥ ደኅና ቀን መልሶ ለያየን። መምሬ አድማሱ እስኪሞቱ ድረስ «ያ ቀን ቢሳካ ኖሮ ዛሬ ሌላ ነበርን» ይሉ ነበር፤ ይህን ሲሉ አጠገባቸው ሆኜ «እውነት ነው አባቴ» እላለሁ። ምን ዓይነት አፍ ነው ይህ? ዛሬ በወንዙ ላይ ድልድይ አለ። ሰዉ ለገበያ ይሻገርበታል፥ ልጁ ለትምህርት ይሻገርበታል፤ ደወል ሲደወል ግን ሁሉም ወደየራሱ ነው።

መምህሬ ክርክር አስተምሮኝ ነው ልበል? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ አላላክክም። መምህሬ ክርክር እንጂ ውሸት አላስተማረኝም። በእምነቴ ምክንያት ነው ልበል? በእምነቴ ቢሆን ኖሮ በሽማግሎቹ ፊት ቆሜ «አልቀድስም» እል ነበር። ያ ቢያንስ የወንድ ነገር ነበር፤ እነሱም መልስ ነበራቸው። እኔ መልስ የማይሰጥበትን መረጥሁ። ውሃን ማን ይከራከረዋል?

አንባቢዬ፥ ፍታኝ አልልህም፤ መፍታት የምትችል ከሆንህም አትቸኩል። መምሬ ጥሩነህ ላልሠራሁት ስሕተት ፈትተውኛል፤ የሠራሁት እንደታሰረ ነው። ስለዚህ ቆርጫለሁ። በመጪው ፍልሰታ በድልድዩ ተሻግሬ፥ በማዶው ደጀ ሰላም እቆማለሁ። የመምሬ ጥሩነህ የልጅ ልጆች አሉ። ያን ቀን ሳትጠመቅ የተመለሰችው ሕፃን ዛሬ አሮጊት ሆና በሕይወት አለች፤ እሷም ትስማኝ። ቢያባርሩኝ መብታቸው ነው፥ ወዳጆቼ ቢነቅፉኝም አልመለስም። የምለውን ደግሞ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ውሃውን የጠጣሁት አውቄ ነው፤ እንኳን ሊጠማኝ፥ ዝናብ ሲመታኝ አድሬ ነበር እላለሁ።