አዝመራው ግንድ ሲፈልጥ

የዳንግላዋ እታለማሁ አረቄ ስታወጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ እንዝርቷን እያሾረች ደግሞ በአጥር ላይ የጎረቤት ጠብ ታበርዳለች። የጓሮ ጎረቤቷ ነበርኩና እመሰክራለሁ፤ ስታወራኝ ዓይኗ እኔ ላይ አርፎ አያውቅም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ስላት «አንቺ አንዱን እንኳ መቼ ወጣሽ?» ትለኝና ታስቀኛለች።

ባሏ አዝመራው በበኩሉ ቁጡ ነው። ሲናደድ በአዊኛ፣ ሲበርድለት በአማርኛ ይናገራል። የመጀመሪያ ሚስቱን አንድ ቀን በጥፊ ቢመታት አዘና ከተማ ያለው አባቷ ቤት ገብታ በዚያው ቀረች። ስለዚህ እታለማሁን ሲያገባ «የትዳር ዋስ አምጣ» ተባለ። ዋስ የሆኑት አዛውንቱ አቶ ምህረቴ ናቸው። በሽማግሌዎች ፊት «እጁን ካነሳ እኔው ራሴ ጓዟን አሸክሜ ለአባቷ እመልሳታለሁ» አሉ። ለብቻው ሲያገኙት ደግሞ መከሩት።

«ልጄ፣ ሲነድህ አፍህን ይዘህ ከቤት ውጣ። መጥረቢያህን አንሳና ግንድ ፍለጥ። ግንድ ተቀይሞ የሚሄድበት የአባት ቤት የለውም።»

ምክሩን ሰማ። የእታለማሁ ማገዶ ከአጥሩ በላይ ተቆልሎ ሲታይ እኛ ጎረቤቶቿ «ዘንድሮ ትዳሩ ሞቅ ብሏል» እያልን እንስቅ ነበር። «ስናገር እይኝ እንጂ!» ይላታል እሱ። «እየሰማሁህ ነው» ትለዋለች፣ እጇን ከድፍድፉ ሳታወጣ። እሱም መጥረቢያውን ይዞ ይወጣል። ዓመታት አለፉ፤ እጁ አልተነሳም።

ጥር ጊዮርጊስ ሲቃረብ እታለማሁ ለበዓሉ የሚሸጥ አረቄ ጥዳ ነበር። እዚያው ማድ ቤት ግድግዳው ላይ፣ ነቀዝ እንዳይበላው ጭስ ይምታው ተብሎ፣ አዝመራው ከአባቱ የወረሰው ኮርቻ ተሰቅሏል። ለበዓሉ ፈረሱን የሚጭነው በእሱ ነው። እንስራውን እንፋሎቱ ከሚያልፍበት መቃ ጋር የደፈነው ሊጥ መሰንጠቁን አይታለች። «አሁን እመርገዋለሁ» እንዳለች ሁለት ሴቶች በዶሮ ተጣልተው ጠሯት፤ እንዝርቷን እንደያዘች ሄደች። አረቄው በስንጥቁ እየወረደ እሳቱ ላይ ተንጠባጠበ። ውሃ ይዘን ስንደርስ የማድ ቤቱ የሣር ክዳን ነዶ ተደርምሷል፤ ኮርቻውም ከሰል ሆኗል።

አዝመራው ከገበያ ተመልሶ አየ። በአዊኛም በአማርኛም አንድ ቃል አልወጣውም። መጥረቢያውን አነሳ። እታለማሁ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም፤ እኔ ግን ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። እሱ አልፏት ወደ ግንዱ ሄደ።

ፈለጠ፣ ፈለጠና ድምፁ ጠፋ። ሐሜተኛ በሉኝ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። ግንዱ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። እታለማሁ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ስለ ኮርቻው ነው?» አለችው።

«ኮርቻውን ተይው። እጄ ተነስቶ ነበር። አላየሽም እንጂ፣ ሳይሽ ተነስቶ ነበር። መጥረቢያውን አስጨብጬ አገድኩት። ብመታሽና አንቺም ትተሽኝ ብትሄጂስ?»

እታለማሁ ያንን እጁን አንስታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ከማዶ አንዲት ሴት ስሟን ጠራች፤ አልዞረችም። አመዱ ገና ይጨሳል፤ አልተነሳችም። ልቅሶው እስኪወጣለት ድረስ ፊት ፊቱን እያየች እጁን ይዛ ተቀመጠች።