ካት ቢባልም ያልቆመው ሽምግልና

ከተመረቅኩ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ማልቀስ ነበር። የምሬን ነው! ሰፈራችን ኮልፌ 18 ማዞሪያ የተከታታይ ድራማ ቀረጻ መጣና፣ ባሏ የሚማግጥባትን ሚስት እንድጫወት ተመረጥኩ። በደስታ ልሞት! ስክሪፕቱን ስገልጠው ግን ትልቁ ትዕይንት ላይ ለእኔ አንድ ቃል የለም። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ "ቻይው፣ ወንድ ነው" ይላሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ጉልበታቸውን ስሜ እታረቃለሁ። አለቀ።

"ይቺ ሴትዮ አፍ የላትም እንዴ?" አልኩት ዳይሬክተሩን።

"እናትዬ፣ ተመልካች የሚወደው እንደዚህ ነው። አንቺ አልቅሺልኝ ብቻ።"

ሽማግሌ ሆነው እንዲጫወቱ የተጠሩት የሰፈራችን አባቶች ናቸው። መሃል የተቀመጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። "አክሽን!" ተባለ። ጋሼ "ቻይው" በማለት ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"እስቲ መጀመሪያ ከአንቺ እንስማ። በደልሽን ተናገሪ።"

ልቤ ዘለለች! ሽምግልና ላይ ሳይሰሙ መፍረድ የለማ። ጋሼ ልማዳቸው ይዟቸው ስክሪፕቱን ረስተውታል። ካሜራው እየቀዳ ነው። አሁን ካልተናገርኩ መቼ?

"ጋሼ፣ ፊልድ ወጣሁ እያለኝ ከሌላ ሴት ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። እኔ ከእሱ ጋር አልኖርም።"

ጋሼ አጠገቤ የተቀመጠውን የድራማ ባሌን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። "አንተ! ተነስና እግሯ ላይ ውደቅ!"

ምስኪኑ ተዋናይ ደንግጦ ወደቀ።

"ይኸው፣ ወደቀልሽ።"

"ይነሳ ጋሼ። ይቅር ብዬዋለሁ፤ ግን እሄዳለሁ።"

"ቤትሽን ልታፈርሺ?"

"ያፈረሰውን ይጠይቁት!"

"ካት!" ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። ጋሼ መች ሰምተው! "ዝም በል አንተ፣ ጉዳይ ይዘናል!" ብለውት ወደ እኔ ተመለሱ። "እሺ፣ ወጥተሽ በምን ልትኖሪ ነው? ሥራ አለሽ?"

ይቺን ጥያቄማ አውቃታለሁ። ከተመረቅኩ ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ይጠይቀኛል፤ ራሳቸው ጋሼም ባለፈው ታክሲ ስጠብቅ ጠይቀውኛል። ያኔ መሬት መሬት አይቼ ነበር ያለፍኩት።

"አለኝ!" አልኳቸው። "ይኸው እየሠራሁ አይደል?"

ጋሼ መብራቱን አዩ፣ ካሜራውን አዩ፣ እግሬ ስር የተደፋውን ባሌን አዩ። "ውይ! ለካ ድራማ ነው!" ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ዳይሬክተሩ ብቻ አልሳቀም። "በሉ ከእንደገና፣ በስክሪፕቱ! ጋሼ፣ 'ቻይው' ይበሏት።"

ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። "አልኖርም አለች እኮ። በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። አሁን ቻይው ብላት ምን ዓይነት ሽማግሌ ልባል ነው?" ሁለቱ ጓደኞቻቸውም ተከትለዋቸው ተነሱ።

ያለ ሽማግሌ ደግሞ ትዕይንቱ የለም። ዳይሬክተሩ ራሱን እያከከ የተቀረጸውን ደጋግሞ አየው፤ ከሰዓት በኋላ ሚስትየው ከቤት የምትወጣበትን ጽፎ አመጣ። ባዶ ሻንጣ ሰጡኝ። አንጠልጥዬው በሩን በርግጄ ወጣሁ፣ ዳይሬክተሩ ከኋላዬ እየጮኸ፦

"ቀስ በይ እንጂ! አዝነሽ ነው እኮ የምትሄጂው!"