ጋይክ ቹ ጀልባ ማቆም የተማረችበት ዓመት

ጋይክ ቹ ከባሕር ጋር ጠብም ፍቅርም አልነበራትም። ፔናንግ ደሴት ላይ ተወልዳ፣ በየመንገዱ ጫፍ ባሕር እየታያት ብታድግም ዕድሜዋን የገፋችው ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ነው። የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ነበረች። ማለዳ ከየሰፈሩ ልጅ ትለቅማለች፣ ከሰዓት መልሳ ለየቤቱ ታድላለች። ሞተር ሳይክል እንኳ ሰያፍ ሆኖ በሚያልፍበት መንገድ ያንን ግንድ የሚያህል አውቶቡስ ወደ ኋላ ስታስገባ ጡሩምባ አትነፋም። ልጆቹ ሲረብሿትም አትጮህም። በመስታወት አንድ ጊዜ ታያቸዋለች፣ ይበቃል።

ባሏ ቤንግ ኪያት የእሷ ተቃራኒ ነው። ወደብ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅስ ኖሯል፤ በጉብዝናው ጊዜ ደግሞ በሸራ ጀልባ ውድድር ዋንጫ ይዞ ቤቱ የገባ ሰው ነው። ለዓመታት አንዲት ትንሽ ጀልባ ነበረቻቸው። እሁድ እሁድ ይወጣሉ፤ እሱ ይነዳል፣ እሷ ኮፍያዋን ደፍታ ተቀምጣ ሙዝ እየላጠች ታቀብለዋለች። ሲመለሱ ጀልባዋ የማቆሚያውን መድረክ ልትገጭ ካለች በእግር ገፋ ማድረግ ነው፤ ሌላ ጣጣ አልነበራትም።

ጡረታ ሲወጣ ሰውየው ዝም አለ። ጓደኞቹ የሚሰበሰቡበት ቡና ቤት መሄዱን ተወ። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ከፍ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ይቀመጣል። "ምን ሆንክ?" ስትለው አንድም "ምንም" ይላል፣ አንድም ጭራሽ አይመልስላትም። ጋይክ ቹ ነገሩን በሆዷ ያዘችው። አንድ ቀን ግን "አ ቹ፣ ላንግካዊ ደሴት ላይ አንዲት ጀልባ አለች። ሄደን እንያት?" አላት። ሲናገር ፊቱ በርቶ ነበር። እንዲያ በርቶ ካየችው ቆይታለች፤ እሺ አለች።

ጀልባዋ ሜላቲ ትባላለች። አሥራ ሦስት ሜትር ርዝመት፣ አሥራ አንድ ቶን ክብደት። ወጥ ቤት አላት፣ መኝታ አላት፣ ምሰሶዋን ቀና ብሎ ለማየት ኮፍያን መያዝ ያስፈልጋል። ዓለምን ዞረውባት ከደከሙ አውስትራሊያዊ ባልና ሚስት ገዟት። የፔናንጉን ቤት አከራይተው ዕቃቸውን ጭነው ገቡባት።

መጀመሪያ ቀን ከላንግካዊ ወደብ ከኩአህ ወጥተው ደሴቶቹን ዞር ዞር ብለው እስኪመለሱ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ጉዱ የመጣው ሲያቆሙ ነው። ነፋሱ ከጎን ነው፣ ማቆሚያው በሌሎች ሰዎች ሁለት ጀልባዎች መሃል ያለች ጠባብ ቦታ ናት። ቤንግ ኪያት ከመሪው ሆኖ መጮህ ጀመረ።

"አ ቹ! ገመዱን ይዘሽ ዝለይ!"

"ገና ሩቅ ነው!"

"ዝለይ እኮ ነው የምልሽ!"

ዘለለች። ጉልበቷ ከመድረኩ እንጨት ጋር ተጋጨ፤ ቢሆንም ገመዱን አልለቀቀችም። አሥራ አንድ ቶን ደግሞ በእጅ አይያዝም። ገመዱ መዳፏን እየላጠ ሾለከ። "ወደ ኋላ! ወደ ኋላ በላት!" ብላ ጮኸች። እሱ ወደ ፊት ሰጣት። የሜላቲ አፍንጫ የጎረቤትን ጀልባ የብረት አጥር አጥፎ ቆመ። ከየጀልባው ሰው ወጣ። ምክር የሌለው አልነበረም፤ አንዱ ሳበው ይላል፣ አንዱ ልቀቀው ይላል።

ቤንግ ኪያት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ደንቁረሻል እንዴ?" አላት። "እሰሪው እያልኩሽ!"

ጋይክ ቹ ገመዱን ጥላ ወደ ውስጥ ገባች። እጇን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ፣ በጨርቅ ጠቅልላ አደረች። ጠዋት "እህቴ ጋ ነኝ" ብላ የሰው ማመላለሻ ጀልባ ተሳፍራ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ፔናንግ ገባች።

እህቷ በሩን ከፍታ ስታያት "ምነው፣ ባሕሩ ተፋሽ?" አለቻት።

"ባሕሩስ ምን አደረገኝ" አለች ጋይክ ቹ።

ቤንግ ኪያት ጥቂት ቀን ቆይቶ ደወለ። "አስተማሪ አግኝቻለሁ" አላት። "ባልና ሚስት ነው የምታስተምረው። ብቻህን አልቀበልህም አለችኝ።"

"እኔ ምን አገባኝ?"

"እሺ፣ ጥሩ። እጠብቅሻለሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እያሾፈብኝ ነው ብላ ቆሽቷ አረረ። ግን ሄደች። ልትማር ይሁን ልትሰናበተው ራሷም አልለየላትም።

አስተማሪዋ ሮሃያ የላንግካዊ ልጅ ናት፤ ትልልቅ መርከብ በሚጎትቱ ጀልባዎች ላይ ዓመታት የሠራች፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት። ሁለቱን አየት አደረገችና፣ እንደ አገሩ ወግ አጎትና አክስት ብላ እየጠራች፣ የመጀመሪያ ትእዛዟን ሰጠች።

"አንክል፣ መሪውን ለአንቲ ይልቀቁላቸው።"

"ለእሷ? እሷ እኮ ጀልባ ነድታ አታውቅም!"

"እሱን ላስተምር አይደል የመጣሁት? ለመሆኑ ከሁለታችሁ በጉልበት ማን ይበልጣል?"

"እኔ ነኛ" አለ ቤንግ ኪያት።

"ታዲያ ገመድ የጉልበት ሥራ ነው፣ መሪ የጣት ሥራ ነው። ባሎች ሁሉ ተገላብጣችሁ ቆማችሁ ሚስቶቻችሁን ትሰብራላችሁ። ይሂዱ፣ ፊት ይሁኑ።"

ቤንግ ኪያት እያጉረመረመ ሄደ። ሮሃያ ባዶ የዘይት ጀሪካን በገመድ ድንጋይ አስራ ገላጣው ውሃ ላይ ጣለች። ሥራው ሜላቲን ጀሪካኗ አጠገብ አምጥቶ ማቆም ነው፤ ሳይነኳት፣ ሳይርቋት። ጋይክ ቹ እንደ አውቶቡሷ ነዳቻት፤ አፍንጫዋን አስተካክላ፣ ቀጥ አድርጋ። ሜላቲ ጀሪካኗን ደፍጥጣ አለፈች።

"ፍሬኑ የታለ?" አለች ጋይክ ቹ።

"ፍሬን የላትም፣ አንቲ። ፍሬኗ የኋላ ማርሽ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው ነው የሚታዘዝዎት።"

"ይሄማ መኪና አይደለም፣ ዝሆን ነው።"

"ዝሆን ይሻላል" አለች ሮሃያ። "ጆሮ አለው።"

በቀጣዮቹ ቀናት ጋይክ ቹ የሜላቲን አመል እየለየች መጣች። አውቶቡስ ከፊቱ ነው የሚታጠፈው፤ ሜላቲ ግን የምትዞረው ከጅራቷ ነው። የኋላ ማርሽ ሲገባላት መጀመሪያ ጅራቷን ወደ ግራ ወርወር ታደርጋለች፣ ወደ ኋላ መሄዱ ከዚያ በኋላ ነው። ነፋስ ካለ አፍንጫዋ ይሸሻል። መጀመሪያ ይህ ሁሉ እልህ አስያዛት። በኋላ ነገሯ ገባት፤ ጅራቷ ወደ ግራ የሚሄድ ከሆነ በግራ ጎኗ ማስጠጋት ነው፣ የቀረውን ራሷ ትጨርሰዋለች። እንዲህ ያደረገች ቀን ሜላቲ መድረኩ ጎን እንደ ድመት ተጋደመች። ሮሃያ አላጨበጨበችም፤ "ድገሙት" ብቻ አለች።

ሲደግሙት ነው ነገሩ የወጣው። ቤንግ ኪያት ፊት ሆኖ ገመዱን ይዟል፣ ጀርባው ለእነሱ ነው። ድንገት ነፋስ መጣ። ጋይክ ቹ "ተው፣ እንዳትለቅ! ያዘው!" ብላ ጮኸች። እሱ ተረጋግቶ ለቀቀው። ጀልባዋ ተንሸራታ የሌላ ሰው ጀልባ ላይ ልትወድቅ ስትል ሮሃያ መሪውን ነጥቃ አወጣቻት።

ወደ ገላጣው ውሃ ሲመለሱ ጋይክ ቹ ሞተሩን አጠፋችው። ጸጥ አለ። ባሏ አሁንም ፊት ቆሞ ገመድ ይጠቀልላል።

"አ ኪያት" አለች፤ ቤት ውስጥ እንደምትጠራው።

ዝም።

"አ ኪያት፣ እህትህ ሞታለች።"

ገመዱን መጠቅለሉን ቀጠለ። እህት የለውም። ቢሆንም እንዲህ ሲባል ዞር የማይል ሰው የለም። ሮሃያ ሌላ ሰው ቤት ጠብ ውስጥ እንደገባች እንግዳ ፊቷን ወደ ደሴቶቹ አዞረች።

ጋይክ ቹ እዚያው መሪው ላይ ቆማ ያለፉትን ዓመታት አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያለፋት መስሏት የተቀየመችበት ቀን ብዙ ነው። እራት ላይ ነገር ስታነሳ ወጡን እየበላ ዝም ያለው። ልጃቸው ከሜልቦርን ስትደውል ስልኩን ለእሷ አቀብሎ የሚሄደው። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ቂም የያዘችው በከንቱ ነበር፣ ለዚያም የዳረጋት እሱ ነው። ሄዳ ትከሻውን ነካችው። ደንግጦ ዞረ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው፣ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ከንፈሯን እያሳየችው።

"ምኑ?"

"አ ኪያት!"

ቁጭ አለ። "የክሬኑ ጩኸት ነው" አለ። "መጀመሪያ ግራ ጆሮዬ፣ ከዚያ ቀኙ። ሐኪሙ መሣሪያ አድርግ ብሎኝ ነበር።"

"እና ለምን አትነግረኝም?"

"ቡና ቤት ጓደኞቼ እነ አ ሰን ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ፤ ምን እንደተባለ አላውቅም። አንድ ቀን ለካ በእኔው ነበር የሚስቁት።" ገመዱን በእጁ አገላበጠው። "ባሕር ላይ ሁሉም ሰው ይጮሃል። ነፋስ ነው፣ ሞተር ነው፤ የሚሰማ የለም። እዚያ እንደ ማንም እሆናለሁ ብዬ ነው።"

"እና እኔን ደንቁረሻል አልከኝ።"

ቤንግ ኪያት ይህን በደንብ ሰማው። ራሱን ዝቅ አደረገ። ጋይክ ቹ ይቅርም አላለችው፣ አልተቆጣችውም። ሞተሩን አስነስታ ወደ ጀሪካኗ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ድምፅ ቀረ። ሮሃያ ጥቂት የእጅ ምልክት አሳየቻቸው፤ የቀረውን ራሳቸው ፈጠሩ። ጡጫ ማለት ያዝ፣ የተዘረጋ መዳፍ ማለት ልቀቅ፣ በሁለት ጣት አፍንጫን መያዝ ማለት ጎረቤታችን እያየን ነው፣ ተጠንቀቅ። መጀመሪያ ጀልባ ማቆሚያው ላይ የነበረው ሰው እንደ ድዳ ባልና ሚስት አያቸው። በኋላ አንዳንድ ሚስቶች መጥተው "ባሌንም አስተምሪልኝ" ይሏት ጀመር።

በደረቁ ወቅት ማብቂያ አካባቢ ብቻቸውን ወጥተው በሁለት ደሴቶች መሃል መልህቅ ጣሉ። አጠገባቸው አንድ ሌላ ጀልባ ነበር። ከምሳ በኋላ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቆረ፤ ሻይ እንኳ ሳይፈላ ዝናቡና ነፋሱ አንድ ላይ ወረዱ። ሜላቲ መልህቋን እየጎተተች ወደ ደሴቱ ገደል መንሸራተት ጀመረች። ጋይክ ቹ መሪውን ያዘች፣ ቤንግ ኪያት መልህቁን ሊያነሳ ወደ ፊት ዳኸ። ጎረቤት ጀልባ ላይ ባልና ሚስቱ ይጯጯሃሉ፤ ድምፃቸው በነፋሱ ተቆራርጦ ይመጣል።

በዝናቡ መሃል የሚታያት የባሏ ቢጫ ካፖርት እጅጌ ብቻ ነው። እጁ ወደ ፊት አለ፤ ሄደች። ወደ ግራ አለ፤ ወደ ግራ አለች። ከዚያ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣመረ። ይህን ምልክት አልተነጋገሩበትም። ጋይክ ቹ ገደሉን አየች፤ ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው ቀንድ አውጣ ሳይቀር ይታያል። "በቃ፣ መልህቁ ቀረ" ማለቱ ነው አለችና ነዳጁን ሙሉ ሰጠች። ሰንሰለቱ ተወጠረ፣ የሜላቲ አፍንጫ ውሃ ውስጥ ጎንበስ አለ። ከዚያ የሆነ ነገር ተንጓጓና ጀልባዋ እንደተፈታ በሬ ወደ ገላጣው ባሕር ወጣች።

ቤንግ ኪያት በአራት እግሩ እየዳኸ፣ ውሃ እየተፋ መጣ።

"ምን ነክቶሽ ነው? አቁሚ አላልኩሽም?"

"እጅህን አጣመርክ እንጂ መች አቁሚ አልክ?"

"ሰንሰለቱ ከሰዎቹ ሰንሰለት ጋር ተጣመረ ማለቴ ነዋ!"

"ማጣመር ማለት በቃ፣ ቀረ ማለት ነው!"

"ማነው እንዲያ ያለው?"

"እኔ ነኛ!" አለች ጋይክ ቹ፤ ከንፈሯን እንዲያይ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ።

ቤንግ ኪያት ትንሽ አያትና ሳቁ ፈነዳ። እሷ ነዳጅ ስትሰጥ ሰንሰለቱን ጫፉ ድረስ ለቆት ነበር። መልህቁ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ገላጣው ውሃ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆዩ፤ ሲያባራ በአሮጌው ትርፍ መልህቅ ሌላ ቦታ አደሩ። የማታውን ኑድል እሱ ነው የጠበሰው፣ አሳረረው፣ በሉት።

የመስሚያ መሣሪያውን ያስገባው በዚያው ዓመት ነው። ባሕር ላይ አያደርገውም፤ ነፋሱን እንደ ባቡር ያሰማኛል ይላል። ማቆሚያው ላይ ታስረው ሲያድሩ ግን ያደርገዋል። መጀመሪያ አድርጎት ባደረ ማግስት ጠዋት ተነስቶ "አ ቹ፣ ለካ ታንኮራፊያለሽ!" አላት።

"አሁን ነው የሰማኸው?"

"ዕድሜዬን ሙሉ ሰላም ተኝቼ ኖሬያለሁ፤ ምነው ባላስገባሁት" አለ።

ወደ ቡና ቤቱ ግን አልተመለሰም። እነ አ ሰን በእሱ ላይ የሳቁትን አልረሳላቸውም፤ ጋይክ ቹም ሂድ ብላ አልገፋፋችውም። እሷም ብትሆን ያችን "ደንቁረሻል" አልረሳችም። ሲጣሉ ታነሳታለች፣ እሱም በዚያች ቃል ሁልጊዜ ይሸነፋል።

ባለፈው ዓመት የሜላቲን ሆድ ሊያስቀቡ ድንበር ተሻግረው ሳቱን ወደሚባል ከተማ ወሰዷት። ከውሃ ወጥታ በግንድ ተደግፋ ስትቆም ጋይክ ቹ እታች ቆማ አየቻት፤ ሆዷ ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን አላወቀችም ነበር። ቤንግ ኪያት ቀይ እንቀባት አለ፣ እሷ ሰማያዊ አለች። ሠራተኞቹ ብሩሻቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ይጠብቃሉ። ክርክሩ እስከ ምሳ ቀጠለ። በመጨረሻ መጋዘኑ ውስጥ የተረፈው ጥቁር ብቻ ሆኖ ተገኘና ጥቁር ተቀባች።