ውሸታሟ መርፌ

ሞተር አልባዋን አውሮፕላን የምትጠግነው ሴት ጠባቡ የአብራሪ ቦታ ውስጥ በጭንቅላቷ ከገባች ቆይታለች። ከውጭ የሚታየው ሁለት ሰው የሚይዘው ሰፊ የወንድ ቱታዋ ብቻ ነበር። ከአውሮፕላኗ አፍንጫ የንፋሱን ግፊት ወደ ፍጥነት መለኪያው የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ የሆነ ቦታ ላይ ያስተነፍሳል። ቀስ ብላ ነፍታበት ጫፉን በጣቷ ስትደፍነው የመለኪያው መርፌ ከፍ ትልና መልሳ ትወርዳለች። መገጣጠሚያውን ቀየረች፤ መርፌዋ አሁንም ወረደች።

«አንተ እኔን ልትጨርስ ነው የተፈጠርከው» አለችው ቱቦውን።

አብራሪው ፓራሹቱን እንደታጠቀ መጣ። «እትዬ፣ ትናንት እኮ በደንብ በርሬባታለሁ። እንዲህ ያለ ሰማይ መቼ ይገኛል?»

እያለከለከች ወጣች። «ውሸታም መርፌ ይዘህ አትነሳም።»

«ግድ የለም፣ ፍጥነቱን በጆሮዬ አውቀዋለሁ።»

ሴትዮዋ እጇን በጨርቅ መጥረግ ጀምራ ተወችው።

«ባሌም እንደዚሁ ነበር የሚለው» አለች።

ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ ጎንበስ ብላ ቱቦውን ከሁለቱም ጫፍ መንጭቃ አወጣችና ኪሷ ከተተችው። አብራሪው ሰማዩን አንዴ አየና የፓራሹቱን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። እሷ ግን እየተነጫነጨች አዲስ ቱቦ ልትቆርጥ ሄዳለች።