ከእንሰት ሥር ልቀብራት የነበረችው ድመት

በ2016 ዓ.ም. ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቡታጅራ ነው የምኖረው። ሠላሳ አንድ ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርቻለሁ፤ ጆሮዬም እዚያው ቀርቷል። ሰው ጠጋ ብሎ ካልነገረኝ አሁን ግማሹን ነው የምሰማው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ ቻሉት።

የዚያን ዓመት ያስጨነቀኝ ነገር የባለቤቴ አለመብላት ነው። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ዓይኗን ከወሰደው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዓይኗ ሲጠፋ አላለቀሰችም፣ አላማረረችም። ምግብ ብቻ ቀነሰች። መጀመሪያ እራት ተወች፣ ቀጥሎ ምሳ። ግንቦት ላይ ክንዷን ስይዛት አጥንቷ እጄ ላይ ቀረ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። መረመሯትና ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ።

«አባባ፣ በሽታ አላገኘንባቸውም። ግን አይበሉም። በዚህ ከቀጠሉ ክረምቱን አይወጡትም» አለኝ።

እንደዚህ አድርጎ ነው የነገረኝ። እኔም ነገር ሳልሸፍን የምናገር ሰው ነኝ፤ ለራሴ ሲነገረኝ ግን እንዲደግምልኝ ጠየቅኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዕድ ሲቀርብ ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። በእኛ ቤት አባወራ ለብቻው ነው የሚበላው፤ አባቴም እንደዚያ ነበር። ስለዚህ የራሴን ቀድሜ በልቼ፣ ጎረቤታችን የሠራችልንን ቆጮና ጎመን አቀርብላትና አፏን አያለሁ። «ጎርሺ» እላታለሁ። ትጎርሳለች። «ድገሚ» እላለሁ። ትደግማለች። ሦስተኛው ላይ ሳህኑን ትገፋና «ጠገብኩ» ትላለች። እኔ እቆጣለሁ፣ እሷ ዝም ትላለች። በቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ ነው።

አንዲት አሮጌ ድመት ነበረችን። የባለቤቴ ዓይን ከጠፋ ወዲህ ድመቷ ተንኮለኛ ሆነች፤ አይቡን ከእጇ ላይ እየነጠቀች ትበላባታለች። እኔ ደግሞ «በላችው እኮ፣ ከፊትሽ ነው፣ አትይዥውም እንዴ» እያልኩ እጮሃለሁ። ያቺን ድመት ሚያዝያ ላይ ባጃጅ ገጫት። የባለቤቴ ዝምታ ከዚያ በኋላ ስለባሰ በድመቷ አዝና ነው ብዬ ደመደምኩ። አዲስ አበባ ላለችው ልጃችንም በስልክ እንደዚያው ነገርኳት።

ልጅቷ ለጁምዓ ቀን መጣች። ከመኪና ስትወርድ አንዲት ድመት ታቅፋለች። ቡናማ ናት፣ ደረቷ ነጭ። ገብታ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። ድመቷ አንገቷን አዙራ አየችኝና ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች።

«አባ፣ ና ቁጭ በልና ስለሷ ላስረዳህ።»

«ድመት ምን ማስረዳት ያስፈልጋታል?»

«ይቺ ልዩ ናት፣ አባ።»

«የራሱን ድመት ልዩ አይደለችም የሚል ሰው አላየሁም። አይጥ ትይዛለች?»

«አትይዝም።»

«እንግዲያ ምን ትሠራለች?»

«ለእማ ጓደኛ ትሆናለች። አንዴ ስማኝ እንጂ፣ እሷ እኮ...»

ሰላት እየደረሰብኝ ነበር። በኋላ ትነግሪኛለሽ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ልጅቷ ያመጣት መኪና ቸኩሎባት ሄዳለች።

የዚያን ቀን ምሳ ያየሁትን መቼም አልረሳም። ባለቤቴ ቆጮውን ግማሽ ያህል በላች። አይቡን ጨረሰች። እኔ ግን ከሷ ይልቅ ድመቷን ነበር የማየው። አይቡ ከአፍንጫዋ አንድ ስንዝር አይርቅም፤ እሷ ዘወር ብላ ግድግዳ ታያለች። ድመት አይብ አጠገቧ ተቀምጦ ፊቷን ስታዞር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ተንኮል አስባለች፣ የምትነጥቀው ስዘናጋላት ነው አልኩ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ዱላዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዓይኔን ከድመቷ አልነቅልም። ዱላ የሚያስነሣ ነገር ግን አላደረገችም።

ባለቤቴ መብላቷን ቀጠለች። በአምስተኛው ቀን እራት ጀመረች።

ድመቷ ግን ታስገርመኝ ጀመር። ከተቀመጠችበት አትነሣም። ታንኮራፋለች፣ እጇን ታነሣለች፣ ጀርባዋን ሲያሿት ሆዷን ልትሰጥ ጋደም ትላለች፤ አንድ እርምጃ ግን አትራመድም። ቤት አታቆሽሽም። በመስጊድ ደጃፍ ለሰዎች ሳወራ «የአዲስ አበባ ድመት ናት፣ ጠግባ ያደገች» አሉኝ፤ ተቀበልኩ። እንዳትራብ ብዬ ጠዋትና ማታ በሳህን ወተት ከባለቤቴ እግር ሥር አኖርላታለሁ። ወጣ ብዬ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። እንግዲህ ሰው ሲያያት መብላት የምታፍር ድመት ናት አልኩ።

ልጅቷ ስትደውል «ድመቷ እንዴት ናት አባ?» ትለኛለች።

«ደህና ናት። ምግብ ግን አትነካም።»

«አባ፣ እሷ እኮ አትበላም» ብላ ትስቃለች። እኔም አመሏ ነው ብዬ እስቃለሁ።

አሥራ አንደኛው ቀን ሰኞ ነበር። ዙህር ሰግጄ ስገባ ባለቤቴ መደቡ ላይ ተኝታለች። ድመቷ ከራስጌዋ ናት። አንገቷ ወደ ጎን እንደዞረ ቀርቷል። አፏ ገርበብ ብሏል። አንድ ዓይኗ ተከድኖ አንዱ በከፊል ተከፍቷል። በዱላዬ ጫፍ ነካ አደረግኳት፤ አልተነቃነቀችም። ድመት የምታቀፍ ሰው አይደለሁም፣ እስከዚያን ቀን በእጄ ነክቻት አላውቅም። ጣቴን ጎኗ ላይ ሳሳርፍ ደርቃለች። ከጸጉሯ ሥር እንደ እንጨት ነው።

ያኔ በልቤ የመጣው የሐኪሙ ቃል ነው። አንዷ ድመት ስትሞትባት እንዲያ የሆነች ሴት፣ ሁለተኛዋን ራስጌዋ ላይ ሞታ በእጇ ብታገኛት ምን ልትሆን ነው። በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬያት ወጣሁ። ቀብሬያት፣ ስትነቃ «በር ተከፍቶ ወጣች» እላለሁ ብዬ ነው። እኔ ውሸት የማልችል ሰው ነኝ፤ ልጆቼ ይህን ምላሴን እየፈሩ ነው ያደጉት። የዚያን ቀን ግን በሩ የትኛው እንደሆነ፣ ማን እንደከፈተው እንኳ እያሰብኩ ነበር።

ከጓሮ እንሰቱ ሥር ዶማ አነሣሁ። ክንድ ያህል እንደቆፈርኩ አጥር ላይ ጎረቤቴ ብቅ አለ። ከጎጃም መጥቶ እዚህ ሲያስተምር ያረጀ ጡረተኛ ነው።

«በዚህ ፀሐይ ምን ትተክላለህ?»

«መምህር፣ ቀስ በል። ባለቤቴ ተኝታለች።»

ጋቢውን አየ። «ማነው የሞተው?»

«ድመቷ።»

«ድመት ገንዘህ ልትቀብር ነው? ዕድሩን ሳትጠራ?»

«ሂድ ወደ ቤትህ።»

አልሄደም። በአጥሩ ክፍተት ሾልኮ መጣና ጥቅሉን አነሣው። «ምን አብልተሃት ነው እንዲህ የከበደችው?»

«ወተት።»

ጋቢውን ገለጠ። ነውር ነው ተው አልኩት። ድመቷን ገልብጦ ሆዷን በጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጸጉሯን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «ና እስቲ፣ ያንተ ዓይን ይሻላል» አለኝ። ጎንበስ ከማለቴ የሆዷን ቆዳ ይዞ ላጠው። እንደ ልጆች ጫማ ተለጣፊ ማሰሪያ ጨርርር ብሎ ተከፈተ። የሞተች እንስሳ ቆዳ የገፈፈ መስሎኝ «አዑዙ ቢላሂ» ብዬ ወደ ኋላ ስል እግሬ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

ውስጧ ደም የለም። ነጭ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ላይ አንዲት ትንሽ ክዳን፣ ክዳኗ ላይ አንድ ብሎን። በሰንጢዬ ፈታው። አራት የባትሪ ድንጋይ ተደርድሯል፤ እኔ ራዲዮኔ ውስጥ የማስገባው ዓይነት፣ ወፍራሙ።

አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ሞተር ቤቴ ገብቶ፣ ዓይኑን እያርገበገበ አሥራ አንድ ቀን ሲያየኝ፣ እኔ ወተት ሳቀርብለት ነው የከረምኩት።

አስተማሪው እንሰቱን ተደግፎ ሳቀ፤ ዕንባው እስኪወርድ። «በቀን ስንቴ ነበር የምታጠጣት?»

«ሁለቴ።»

«ትጠጣ ነበር?»

«ሳህኑ ባዶ ነበር።»

ሳቁን አቆመ። «ታዲያ ማን ጠጣው?»

እኔም አላውቅም ነበር። ሁለታችንም ጉድጓዱን አየን።

ቤት ገብቼ ቀስ ብዬ ራዲዮኔን አወጣሁና ድንጋዮቹን ወደ ድመቷ ቀየርኳቸው። ክዳኑን እንደገጠምኩ እጄ ላይ «ሚያው» ብላ አንገቷን አዞረች። ለቀቅኳት፤ ወደቀች። አውቄም ቢሆን ደነገጥኩ። «ከነነፍሷ ልትቀብራት» አለ አስተማሪው።

በዚህ ጊዜ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«የልጆች አባት፣ ድመቷን የት ወሰድካት?»

ታቅፌያት ገባሁ። አስተማሪው በር ላይ ቀረ። ባለቤቴ ተነሥታ ተቀምጣለች፣ እጇ የድመቷን ቦታ ይዳብሳል። ስለ ሞተሩ ብነግራት የተቀለደባት መስሏት መብላት ትተዋለች ብዬ ፈራሁ። ዝም ብል ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ያልሠራሁትን ሥራ መሥራቴ ነው። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ድንጋይ አልቆባት ነው?»

ከድመቷ ሆድ መከፈት ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

«ታውቂያለሽ?»

«ልጅቷ ሳትነግረኝ እጄ ነገረኝ። የድመት አጥንት እንደዚህ አይደለም። ሆዷ ውስጥ የሚዞረው ነገር ደግሞ ይሰማል፤ አንተ አትሰማም እንጂ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ድመቷን ተቀበለችኝና ጭኗ ላይ አመቻቸቻት።

«ብነግርህ እሷን ማየት ትተዋለህ። ዓይንህን መልሰህ እኔ አፍ ላይ ታደርጋለህ።»

«የማይሽ እንድትበዪ ነው።»

«አውቃለሁ። ጎመኑ ደረቴ ላይ ይወድቃል። አይቡ አገጬ ላይ ይቀራል። እኔ ባላየው አንተ እንደምታየው አውቃለሁ፤ ትንፋሽህ ይቆማል። ጎርሺ ባልከኝ ቁጥር ጉሮሮዬ ይዘጋል። ያቺኛዋ ድመት ስትነጥቀኝ የጮህከውን ሦስተኛው ቤት ሰምቶታል። ይቺ አትነጥቅም። አንተም ዱላ ይዘህ እሷን ስትጠብቅ እኔ በሰላም በላሁ።»

አርባ ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል። ስለ ምግብ ይህን ያህል ተናግራኝ አታውቅም።

«ወተቱስ?» አልኳት።

«እኔ ነኝ።»

«ከድመት ሳህን?»

«የትኛዋ ድመት አፏን አስገባችበት?»

አስተማሪው በር ላይ ሳል አለና ሄደ። እኔም ወጥቼ ጉድጓዱን ደፈንኩ።

ማታ፣ ነገሩ የገባኝ መስሎኝ፣ እራቷን አቅርቤላት ለብቻዋ ተውኳትና መስጊድ ሄድኩ። ማንም አያያትም፣ ትብላ ብዬ። ዒሻ ሰግጄ ስመለስ ከሁለት ጉርሻ በላይ አልጎደለም።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ? ማን አየሽ?»

«ለብቻዬ ተወኝ መች አልኩህ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እኔ ስገላበጥ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከሱብሒ ሰላት ስመለስ የራሴን ቁርስ ቀድሜ አልበላሁም። ሁለት ሰው የሚያበላ ጣባ አወረድኩ፤ ጎመኑን በአንድ ወገን፣ አይቡን በሌላ ወገን አደረግኩ፣ ቆጮውን ቆረስኩ። ድመቷን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ዱላዬን ከደጅ አቆምኩ። በርጩማዬን ከፊቷ አንሥቼ ከጎኗ አመጣሁና ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ተቀመጥኩ። እጇን ይዤ የጣባውን ጠርዝ አሳየኋትና ለቀቅኳት። ከዚያ መጉረስ ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይታ «ወዴት ነው የምታየው?» አለችኝ።

«ወደ መንገዱ።»

«ምን አለ?»

«አስተማሪው በር ላይ ጥርሱን ይፍቃል። ወደዚህ እያየ ነው።»

«ሌላስ?»

«ጋሪ መጣ። ቆጮ ጭኖ ወደ ገበያ ነው።»

«ስንት ጥቅል ነው?»

ከተቀመጥኩበት አልታየኝም። ተነሥቼ በሩ ላይ ወጣሁና ጋሪው እስኪያልፍ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ነበር። ልነግራት ስመለስ አይቡ አልቋል።